አዲስ የተገጣጠመ ኮምፒውተር እምቢ ሲል፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ዕቃው ሁሉ አዲስ ነው፤ ሁሉም በየቦታው ገብቷል፤ ቁልፉ ሲጫን ግን ኮምፒውተሩ አይነሳም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አንዱ ተበላሽቶ ነው የመጣው» ብሎ ዕቃ ለመመለስ ይነሳል። ከፋብሪካ ተበላሽቶ የሚመጣ ዕቃ በእርግጥ አለ። ከዚያ በፊት ግን መጠርጠር ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ሁለት ጤነኛ ዕቃዎች እርስ በርስ አልተስማሙ ይሆናል። አንድ ዕቃ ቀዳዳው ውስጥ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም።

ምርመራውን ኮምፒውተሩን በማራቆት ይጀምሩ። ማዘርቦርዱን ከኬዙ አውጥተው በመጣበት ካርቶን ላይ ያስቀምጡት። ፕሮሰሰሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ አንድ ራምና ፓወር ሳፕላዩን ብቻ ይተዉ፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው የግራፊክስ ካርዱም ይቆይ። በዚህ ሁኔታ ከተነሳ የቀረውን አንድ በአንድ ይጨምሩ፤ እያንዳንዱን ከመጨመርዎ በፊት ግን ኃይሉን ያጥፉ። መነሳቱን ያቆመበት ዕቃ ወይም የገባበት ቦታ ተጠርጣሪ ነው። ብዙዎቹ የዘመኑ ማዘርቦርዶች ደግሞ ጠርዛቸው ላይ «ሲፒዩ» (ፕሮሰሰር)፣ «ድራም» (ራም)፣ «ቪጂኤ» (ግራፊክስ) እና «ቡት» (ማስነሻ ዲስክ) የሚል የተጻፈባቸው አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ በየተራ በርተው ይጠፋሉ። አንዱ በርቶ ከቀረ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል።

ቁልፉ ሲጫን ምንም ነገር የለም፤ ፋን እንኳ አይዞርም

መጀመሪያ የፓወር ሳፕላዩ የጀርባ ማብሪያ መከፈቱን ይመልከቱ። ቀጥሎ ሁለቱን የኃይል ገመዶች ይፈትሹ፦ ባለ 24 ፒኑ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ወዳለው ቀዳዳ። ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ያን ጊዜ ወይ ምንም አይነሳም፣ ወይ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል።

ሁለቱም በሚገባ ከገቡ የኬዙን ቁልፍ ከጨዋታው ያውጡት። ገመዱ የተሰካባቸውን ሁለት የማብሪያ ፒኖች በመመሪያው ሥዕል ለይተው በካቻቪቴ ጫፍ ለአንድ ሰከንድ ያህል ያነካኳቸው። በዚህ ከተነሳ ችግሩ ያለው የኬዙ ቁልፍ ላይ ወይም ገመዱ በተሰካበት ቦታ ነው።

ካርቶን ላይ የሚነሳ፣ ኬዝ ውስጥ የማይነሳ ከሆነ የናስ መቆሚያዎቹን ይቁጠሩ። ኬዙ ለተለያየ መጠን የተሠራ በመሆኑ ማዘርቦርዱ ቀዳዳ በሌለው ቦታ ላይ የቆመ ትርፍ መቆሚያ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ትርፉን ይፍቱት፤ ቀዳዳ ባለበት ቦታ የጎደለውን ያሟሉ።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ስለሆነ በመብራቶቹ ከፋፍለን እንየው።

*«ሲፒዩ» ላይ ከቆመ* ዋናው ተጠርጣሪ የባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዕድሜ ነው። ማዘርቦርድ የሚያውቀው ባዮሱ ሲጻፍ የነበሩትን ፕሮሰሰሮች ነው፤ በኋላ የወጣው፣ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚገባበት መቀመጫ) አንድ ቢሆንም፣ ለእሱ እንግዳ ነው። መደርደሪያ ላይ የቆየ ቢ450 ማዘርቦርድና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር የሆነው ራይዘን 5 5600፣ ቢ660 እና የኢንቴል 13ኛ ትውልድ፣ ቢ650 እና ራይዘን 9000፦ ሦስቱም ጥንዶች ይሠራሉ፤ አዲስ ባዮስ ግን ይፈልጋሉ።

ባዮስ የማያድናቸው ጥንዶችም አሉ። ቢ550 ራይዘን 5 2600ን አይቀበልም፤ የሁለቱም ሶኬት ኤኤም4 መሆኑ አይረዳም። የኢንቴል 8ኛና 9ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ኤልጂኤ 1151 ነው፤ የ6ኛውና የ7ኛውም እንዲሁ። ሆኖም የፒኖቹ አሠራር ስለተለወጠ ለቀድሞዎቹ የተሠሩት ባለ 100 እና ባለ 200 ተከታታይ ማዘርቦርዶች አዲሶቹን አያስነሱም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሊታይ የሚገባው የሶኬቱ ስም ብቻ ሳይሆን አምራቹ ለዚያ ማዘርቦርድ ያወጣው የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስም ጎን ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል።

ባዮሱን ያለ ፕሮሰሰር ለማደስ የሚያስችል ቁልፍ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ካለ ነገሩ ቀላል ነው፦

1. ፍላሽ ዲስኩን በፋት32 ፎርማት ያድርጉ።
2. ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ሲያወርዱ የማዘርቦርዱን ሙሉ ስምና የሪቪዥን ቁጥሩን ያመሳክሩ። «ዋይፋይ» የሚል ቅጥያ ያለውና የሌለው የተለያየ ፋይል ሊኖራቸው ይችላል።
3. የፋይሉን ስም መመሪያው በሚያዘው መሠረት ይለውጡ። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች አይነበብም።
4. ፍላሽ ዲስኩን ምልክት በተደረገበት የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሰኩ፤ ባለ 24 እና ባለ 8 ፒን ገመዶቹ ይገናኙ።
5. ቁልፉን ለሦስት ሰከንድ ያህል ይጫኑ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ሥራው እስኪያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። በመሃል ኃይል እንዳይቋረጥ።

መብራቱ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ብሎ ወዲያው ካቆመ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፋይሉ ስም ወይም የፍላሽ ዲስኩ ፎርማት ነው። ቁልፉ ከሌለ ማዘርቦርዱ የሚያውቀው የቀድሞ ፕሮሰሰር መዋስ የግድ ነው።

*«ድራም» ላይ ከቆመ* ራሙን ነቅለው እንደገና ይጫኑት። ቀጭ እስኪል ድረስ መግፋት የሚጠይቀው ጉልበት ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። ባለ አራት ቀዳዳ ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገባው በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው፤ ኤ2 እና ቢ2 ተብለው ተጽፈዋል። አንድ ብቻ ከሆነ ኤ2 ላይ ያስገቡት።

ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የሚባሉት የራም ትውልዶች ሁለቱም 288 ፒን ቢሆኑም መሃላቸው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። እዚህ መጠንቀቅ ያለብን ማዘርቦርዱን ስንገዛ ነው። ኤኤም5 እና ኤልጂኤ 1851 ሶኬት ያላቸው ማዘርቦርዶች ዲዲአር5 ብቻ ይቀበላሉ። ኤልጂኤ 1700 ግን በሁለቱም ዓይነት ይመረታል፤ ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ መጨረሻቸው ላይ ባለው «ዲ4» ብቻ የሚለዩ ማዘርቦርዶች አሉ።

የበለጠ የሚያታልለው ያገለገለ የሰርቨር ራም ነው። አርዲም የሚባለው የዲዲአር4 ራም ተራ ማዘርቦርድ ላይ ያለችግር ይገባል፤ ኮምፒውተሩን ግን አያስነሳም። ራሙ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ለምሳሌ «ፒሲ4-2400ቲ-አር» ዓይነት ጽሑፍ ካለ ያ የመጨረሻው «አር» ምልክቱ ነው። ለዴስክቶፕ የሚሆነው ዩዲም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ችግር ሳይሆን ችግር ይመስላል። ዲዲአር5 ያለው ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲነሳ ማዘርቦርዱ ራሙን ይለማመዳል፤ ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃዎች ጨለማ ሊሆን ይችላል። ትዕግሥት አጥቶ በመሃል የሚያጠፋ ሰው ልምምዱን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ለሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት።

*«ቪጂኤ» ላይ ከቆመ፣ ወይም ሁሉም መብራት ጠፍቶ ስክሪኑ ብቻ ከጨለመ* የሞኒተሩ ገመድ የት ነው የተሰካው? የግራፊክስ ካርድ ካለ ከካርዱ እንጂ ከማዘርቦርዱ አይደለም። ካርድ ሳይገዙ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ሊሠሩ ካሰቡ ደግሞ ስሙን ይዩ። መጨረሻው ላይ «ኤፍ» ያለው ኢንቴል፣ ለምሳሌ ኮር አይ5-12400ኤፍ፣ ግራፊክስ የለውም። ከራይዘን 1000 እስከ 5000 ባሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ግራፊክስ ያላቸው «ጂ» የተጻፈባቸው ናቸው። በራይዘን 7000 አብዛኞቹ አላቸው፤ 7500ኤፍ ግን የለውም።

ይነሳል፣ ከባድ ሥራ ሲጀምር ግን ድርግም ብሎ ይጠፋል

ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ መብራት እንደሄደ ዓይነት ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ፓወር ሳፕላዩ ራሱን እየተከላከለ ነው። ሒሳቡን ይሥሩ። ኮር አይ7-13700ኬ 125 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም በከባድ ሥራ እስከ 253 ዋት ይስባል። የግራፊክስ ካርዱ አርቲኤክስ 3080 ደግሞ 320 ዋት። ሁለቱ ብቻ 573 ዋት ናቸው፤ ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለፋኖቹና ለዲስኮቹ 75 ዋት ያህል ሲጨመር 650 ይጠጋል። ታዲያ ባለ 650 ፓወር ሳፕላይ ይበቃል? አይበቃም። ኃይለኛ የግራፊክስ ካርዶች ለሰከንድ ሽርፍራፊ ከተጻፈባቸው በጣም አልፈው ይስባሉ፤ አጥፊውም ያ ቅጽበት ነው። ለዚህ ጥንድ ከ750 ዋት አይውረዱ፤ 850 ቢሆን ይመረጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኤቲኤክስ 3.0 መስፈርት ፓወር ሳፕላዩ ለ100 ማይክሮ ሰከንድ የአቅሙን እጥፍ እንዲችል የሚያስገድደውም ለዚሁ ነው።

ዋቱ በቂ ሆኖ ከጠፋ ገመዶቹን ይመልከቱ። ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ካርዱ የሚያገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ገመድ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ይጨምራል። ሁለት ባለ 8 ፒን የሚጠይቅ ከባድ ካርድን በአንድ ገመድ ላይ በተንጠለጠሉ ሁለት ጫፎች ከመመገብ ከፓወር ሳፕላዩ ሁለት የተለያዩ ገመዶች ያውጡለት። አዲሱ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ደግሞ ክፍተት ሳይተው ጥግ ድረስ መግባት አለበት። ገመዱም ከመሰኪያው እንደወጣ መታጠፍ የለበትም፤ መጀመሪያ ቢያንስ 35 ሚሊ ሜትር ቀጥ ብሎ ይሂድ። በግማሽ የገባ መሰኪያ ግሎ ይቀልጣል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት እዚሁ አካባቢ ነው፦ የአንዱን ፓወር ሳፕላይ ተነቃይ ገመድ ለሌላው መጠቀም። በዕቃው በኩል ያለው ጫፍ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ በፓወር ሳፕላዩ በኩል ያለው ግን ወጥ መስፈርት የለውም፤ በአንድ አምራች ሞዴሎች መካከል እንኳ ይለያያል። ልክክ ብሎ ይገባል፤ 5 ቮልት በሚጠበቅበት 12 ቮልት ይልክና ዲስኩን ያቃጥላል። ፓወር ሳፕላይ ሲቀየር ገመዶቹም አብረው ይቀየሩ።

ይሠራል፣ ግን ከሚጠበቅበት በታች

ባለ 6000 ራም ገዝተው ኮምፒውተሩ 4800 ካሳየ ራሙ ጤነኛ ነው። የተጻፈበትን ፍጥነት የሚያገኘው ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለው የራም ፍጥነት ቅንብር ሲከፈት ነው። ከፍተው ኮምፒውተሩ መንገዳገድ ከጀመረ የራሞቹን ቁጥር ይዩ። ራይዘን 7000 በሁለት ራም በይፋ 5200 ሲደግፍ በአራት ራም ወደ 3600 ይወርዳል። ለዚህ ነው 32 ጊጋባይት የሚፈልግ ሰው አራት ባለ 8 ሳይሆን ሁለት ባለ 16 መግዛት ያለበት። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ራሞችም፣ ስማቸው አንድ ቢሆንም፣ ውስጣቸው ሊለያይ ስለሚችል በአንድ ጥቅል የመጡትን ይምረጡ።

የግራፊክስ ካርዱ ከተጎተተ ደግሞ ቀዳዳው ለፕሮሰሰሩ የቀረበው መሆኑን ያረጋግጡ። ታች ያለው ረጅም ቀዳዳ በመልክ ያው ቢሆንም ብዙ ጊዜ ከ16ቱ መስመሮች አራቱ ብቻ ናቸው የሚሠሩት።

ኤስኤስዲው አይታይም

ኤም.2 ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኤስኤስዲ የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። በዚሁ ቅርጽ የሳታም (የቀድሞው፣ ዘገም ያለው መገናኛ) የኤንቪኤምኢም (አዲሱ፣ ፈጣኑ) ዲስክ ይሠራል፤ ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ደግሞ ኤም.2 ቀዳዳው ኤንቪኤምኢ ብቻ ያነባል። ሁለት ቁርጥ ያለው ዲስክ በአብዛኛው ሳታ ነው፤ እርግጠኛ የሚሆኑት ግን የሞዴሉን ዝርዝር ሲያዩ ነው።

ኤም.2 ሲገባ የቀድሞው ሃርድ ዲስክ ከጠፋ መንስኤው መስመር መጋራት ነው፤ አንዱ ቀዳዳ ሲሞላ አንድ ወይም ሁለት የሳታ መሰኪያዎች ይዘጋሉ። የትኞቹ እንደሆኑ መመሪያው በሠንጠረዥ ያሳያል፤ ገመዱን ወደ ሌላ ማዛወር ነው። ባዮስ ላይ ታይቶ ዊንዶውስ ሲጫን ብቻ የሚሰወር ከሆነ በኢንቴል ማዘርቦርዶች ላይ ቪኤምዲ የሚባለውን ቅንብር ይዝጉ፤ አለዚያ ድራይቨሩን በፍላሽ ዲስክ ያቅርቡለት።

ሙቀቱ በደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካል

ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው መሸፈኛ ላስቲክ ተልጦ ይሆን? ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ይፈተሽ። ቀጥሎ የማሰሪያው ልክ፦ ለኤልጂኤ 1200 የተሠራ ማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹ በ75 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ የኤልጂኤ 1700 ግን በ78 ነው። በግድ ሲታሰር ይዘማል፤ ፕሮሰሰሩንም በሙሉ ፊቱ አይነካውም። ትክክለኛውን ማሰሪያ ለብቻው መግዛት ይቻላል። ከኤኤም4 ወደ ኤኤም5 የሚሻገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፤ የማዘርቦርዱን የጀርባ ሳህን አስወጥተው በራሳቸው የሚተኩ ማቀዝቀዣዎች ብቻ ናቸው የማይሆኑት።

ራይዘን 7 7700ኤክስን የመሰሉ ፕሮሰሰሮች በከባድ ሥራ 95 ዲግሪ ቢደርሱ የተሠሩት እንዲሁ ነው። ሥራ ፈትቶ 80 የሚያሳይ ግን መፈታትና ቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው) መታየት አለበት።

ጌጥ መብራቱ ተቃጠለ፣ ኬዙ አልዘጋ አለ

ባለ 3 ፒኑ ጌጥ መብራት 5 ቮልት ነው፤ ባለ 4 ፒኑ 12 ቮልት። ባለ 5 ቮልቱን 12 ላይ ከሰኩት በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል፤ መመለሻም የለውም። ስለዚህ ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ አይሰኩ።

ለኬዙ ሦስት ልኮች ይበቃሉ፦ የማዘርቦርዱ መጠን (ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊ ሜትር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ 170 በ170)፣ የማቀዝቀዣው ቁመትና የካርዱ ርዝመት። የካርዱን ርዝመት ከኬዙ ዝርዝር ጋር ሲያመሳክሩ ፊት ለፊት የውሃ ማቀዝቀዣ የሚያስገቡ ከሆነ የራዲያተሩንና የፋኑን ውፍረት ይቀንሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 27 እና 25፣ በድምሩ 52 ሚሊ ሜትር ነው። ኬዙ 330 ይቀበላል ቢባልም ያን ጊዜ የሚቀረው 278 ነው።