ካንሰር ያለበት ሰው የድብርት መድኃኒት ሊጀምር ሲል

ካንሰር ይዞት ቢከፋው ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል፣ እውነት ነው አይገርምም። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቱ ካልፈታ፣ ድሮ የሚወደው ነገር ምንም ካልመሰለው፣ "ሸክም ሆንኩባችሁ" እያለ ከደጋገመ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት፣ የሚታከም ነገር ነው። በክሳትና በድካም ብቻ ግን እንዳትፈርዱ፣ ያንን ኬሞውም ያመጣዋል።

ክኒን ከመታዘዙ በፊት ደም ማነስና ታይሮይድ ይታዩለት። ህመሙስ በደንብ ታክሟል ወይ? ሌሊቱን ሲያቃስት የሚያድር ሰው በድብርት ክኒን ብቻ አይድንም። ከኬሞ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንም እንቅልፍ ይነሳል፣ ስሜትም ይረብሻል።

ቀጥሎ የሚወስደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱንም ጭምር፣ በፌስታል ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ምክንያቱም ካንሰሩን ጥቁር አንበሳ፣ ድብርቱን አማኑኤል የሚታከም ሰው ካርዱ አብሮት አይዞርም፣ አንዱ ሐኪም ሌላው ያዘዘውን የሚያውቀው ከእናንተ ነው። ካንሰር መሆኑን ለራሱ ለታማሚው ያልነገራችሁት ቢሆን እንኳ (ይሄ እኛ ጋ ብዙ ነው) ለሳይካትሪስቱ አትደብቁ።

አሁን ዋናው። ለጡት ካንሰር ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ፍሉኦክሴቲን የሚባለው የድብርት ክኒን ከታዘዘላት ከመጀመሯ በፊት ጠይቁ!! ታሞክሲፌን በደንብ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ሲለውጠው ነው፣ ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን ደግሞ ያንን ኢንዛይም አጥብቀው ያፍኑታል፣ ቡፕሮፒዮንም እንደዚሁ። ጉዳቱ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ጥናቶቹ ባይስማሙም ሌላ ምርጫ እያለ ለምን? ችግሩ እኛ ሀገር በቀላሉ የሚገኘው ፍሉኦክሴቲን መሆኑ ነው፣ ስለዚህ "ቬንላፋክሲን ወይ ሲታሎፕራም ወይ ኤስሲታሎፕራም አይሆንላትም?" በሉ፣ ሰርትራሊንም ኢንዛይሙን የሚነካው ቀለል አድርጎ ነው። ሐኪሙ ሳያውቅ ግን አንዱንም አታስቁሟት፣ ታሞክሲፌኑንማ በጭራሽ።

ሌላው እንደ ሰዉ ችግር ነው። ምግብም እንቅልፍም እምቢ ላለው ሚርታዛፒን ማታ ማታ ጥሩ ነው፣ ሁለቱንም ይረዳል። ከኬሞ በኋላ እጅ እግሩን ለሚያቃጥለው ዱሎክሴቲን ይታሰባል። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፣ ለነርቭ ህመምም ይሆናል፣ ግን አፍና ሆድ ያደርቃል፣ ሞርፊን የሚወስድ ከሆነማ ድርቀቱ ይብስበታል፣ የልብ ህመም ላለበት ሰውም አይመከርም። ከመጠን በላይ ከተወሰደ ደግሞ ይገድላል፣ ስለዚህ ብዙ አታከማቹ፣ ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡት።

ትራማዶል የሚባለውን የህመም ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነ ሳትናገሩ እንዳትወጡ፣ ከነዚህ የድብርት ክኒኖች ጋር ሲደራረብ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነገርም ሊያመጣ ይችላል። ዲክሎ (ዲክሎፌናክ) ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስድ ከሆነም ተናገሩ፣ ከክኒኖቹ ጋር ሲደራረቡ፣ በተለይ ኬሞው ደም የሚያረጋውን ፕላትሌት ካወረደበት፣ ደም መፍሰስ ያሰጋል።

ከዚያ ትዕግሥት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ሊኖር ይችላል፣ ለውጡ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ሙሉ ለሙሉ ለማየት እስከ 8 ሳምንትም ይፈጃል። ብዙ ቤተሰብ በአሥር ቀን "አልሠራም" ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ደግሞ ሰውዬው ትንሽ ሲስቅ "በቃ ድኗል" ብሎ ያቆመዋል፣ ከተሻለው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቀጥላል፣ ሲቆምም ቀስ እየተባለ እየተቀነሰ ነው። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ክኒኑን ይዞ። ጾም ከሆነም ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል ይቻላል።

መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ፣ ይልቁንም ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ፣ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ራሴን ላጥፋ የሚል ቃል ከወጣው ወይም ክኒን ሲያጠራቅም ካያችሁት ቀጠሮውን አትጠብቁ፣ መድኃኒቶቹን ሰብስባችሁ ያዙ፣ ብቻውን አትተዉት፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።