ተኩላና ውሻ ሲዳቀሉ የሚሠሩ ስህተቶች

ተኩላም ውሻም 78 ክሮሞዞም ስላላቸው ይዳቀላሉ፤ ድቅሉም መካን አይደለም። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

በመቶኛ ማመን፦ የመጀመሪያው ትውልድ ግማሽ ተኩላ፣ ግማሽ ውሻ ነው። ሁለት ድቅሎች ሲገናኙ ግን «50 በመቶ» አማካይ ብቻ ነው፤ ጂኖች ለየቡችላው በተለያየ መንገድ ስለሚደርሱ ከአንድ ሆድ የወጡት አንዱ ወደ ተኩላ፣ ሌላው ወደ ውሻ ሊያደላ ይችላል። የሚቶኮንድሪያ ምርመራም ብቻውን አይበቃም። የሚያሳየው የእናትን መስመር ስለሆነ ተኩላው በአባት በኩል ከገባ አይታይም። መላውን ጂኖም (ከእናትም ከአባትም የመጣውን የዘር መረጃ ሁሉ) የሚያይ ምርመራ ይጠይቁ።

በመልክ መፍረድ፦ ግራጫ ጠጉርና ቢጫ ዓይን በውሻም አለ። የሰሜን አሜሪካ ተኩላዎችን ጥቁር ያደረገው ጂን እንኳ ድሮ ከውሻ የገባ ነው።

ከመጀመሪያው ትውልድ የሥራ ውሻ መጠበቅ፦ እ.ኤ.አ. በ1958 ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ ከካርፓቲያን ተኩላዋ ብሪታና ከጀርመን ሼፐርዱ ሴዛር የተወለዱት ቡችሎች ለማሳደግ አስቸገሩ፤ ቢሠለጥኑም ውጤቱ ከልፋቱ ጋር አልተመጣጠነም። አብዛኞቹ ለአገልግሎት የበቁት ደጋግመው ከሼፐርድ ጋር ተዳቅለው በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ነው፤ በአራተኛው የተኩላው ድርሻ 6.25 በመቶ ደርሷል። ይህን መንገድ የሚዘል ሰው የሚያሳድገው ድንጉጥ እንስሳ ነው፤ የደነገጠ ደግሞ ይነክሳል።

ተሸካሚን ሁሉ ማስወገድ፦ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው። ከላይ ከተጠቀሰው ሙከራ የወጣው የቼኮስሎቫኪያ ተኩላ ውሻና ሳርሎስ የተባለው የሆላንድ ተኩላ ውሻ ዝርያ የተገኙት ከጥቂት ተኩላዎች ነው፤ የጂን ክምችታቸው ጠባብ ነው። በሁለቱም ከኤልኤችኤክስ3 ጂን ጉድለት የሚመጣ ድንክነት አለ፤ የሚገለጠው ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰው ሳይታመም «ተሸካሚ» ይሆናል፤ ጉድለቱ የሌለበት ደግሞ «ንጹሕ» ይባላል። ሁለት ተሸካሚዎች ከተገናኙ እያንዳንዱ ቡችላ የመታመም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ተሸካሚ ከንጹሕ ጋር ሲገናኝ ግን ታማሚ አይወለድም፤ በአማካይ ግማሾቹ ተሸካሚ ይሆናሉ። ስለዚህ ጠባየ መልካሙን ተሸካሚ ከንጹሕ ጋር ያገናኙ፣ ቡችሎቹን ያስመርምሩ፣ ለቀጣዩ ትውልድ ከንጹሖቹ ይምረጡ። ተሸካሚዎች በሙሉ ከተወገዱ ዘመድ ከዘመድ መገናኘቱ ይበዛል፤ ሌላ የተደበቀ በሽታም ይወጣል።

ወቅትን መዘንጋት፦ ሴት ተኩላ ወንድ የምትፈልገው በዓመት አንዴ ነው። ብዙ ድቅሎች ይህን ስለሚወርሱ እንደ ውሻ ስድስት ወር ቆጥሮ መጠበቅ አያዋጣም።

ውሻን ከዱር እንስሳ ጋር መልቀቅ፦ በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ውሻ ከቀይ ቀበሮ ጋር ተዳቅሎ ተገኝቷል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ የቀረውም ጥቂት መቶ ነው። በዚያ አካባቢ ውሻ ያለው ሰው ውሻውን ያስመክን፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ያስከትብ።