ድራፍት አረፋ ብቻ ሲቀዳ፦ ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ቤቶች

ጃምቦው ግማሹ አረፋ ሲሆን ብዙ ቀጂዎች የሚሮጡት ወደ ጋዙ ሬጉላተር (የግፊት መቆጣጠሪያ) ነው። ሬጉላተሩን ተዉትና ቴርሞሜትር ያዙ። የቢራው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዝቃዛ ፈሳሽ በደንብ ይሟሟል፣ ሲሞቅ ይለቃል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 3.3 ግራም ያህል ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ 1.7 ግራም ብቻ።

ሁሉም ጃምቦ አረፋ ነው

ሁለተኛውን ጃምቦ ቀድታችሁ ለኩ። ከ5 ዲግሪ በላይ ከሆነ በርሜሉ አልቀዘቀዘም። ዓባይ በረሃን በፀሐይ አቋርጦ የመጣ በርሜል ቢያንስ 24 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ መብራት ጠፍቶ ያደረ ፍሪጅም እንደገና መለካት አለበት።

ሙቀቱ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሆኖ አረፋው ካልቀረ የሬጉላተሩን ጌጅ (የግፊት ማሳያ) እዩ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ ቢራው ጋዙን የሚይዘው ግን በጠቅላላ ግፊቱ ልክ ነው። የውጭው አየር ባሕር ዳር ላይ ወደ 0.82 ባር (የግፊት መለኪያ)፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 0.76 ባር ስለሆነ፣ ለባሕር ወለል በተጻፈ መመሪያ ያለው 0.8 ባር በእኛ አገር ያንሳል። በ3 ዲግሪ 1 ባር ገደማ አድርጉ። ግፊቱ ሲያንስ ጋዙ ቱቦው ውስጥ እየወጣ አረፋ ይሆናል፤ ስለዚህ አረፋ አየሁ ብሎ መቀነስ ችግሩን ያባብሳል። ቱቦው ውስጥ የጋዝ ፊኛ (አረፋ) ከታየ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ይህ ቁጥር በርሜሉ ራሱ ለሚቀዘቅዝበት ቤት ነው። በርሜሉ ውጭ ቆሞ ቢራው በማሽኑ ሲያልፍ ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ግፊቱን የሚወስነው የበርሜሉ ሙቀት ነው፦ ከ3 ዲግሪ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.07 ባር ያህል ይጨመራል፣ በ20 ዲግሪ ወደ 2.2 ባር ይደርሳል። ከ3 ባር በላይ አትሂዱ።

የመጀመሪያው ጃምቦ ብቻ አረፋ ነው

ከፍሪጁ ውጭ የቀረው ቱቦና ቧንቧ ሞቋል። ቱቦውን በስፖንጅ ሸፍኑ፣ ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ በግማሽ መክፈት ራሱ አረፋ ይፈጥራል።

ቢራው ሞቷል (አረፋ የለውም)

መጀመሪያ ብርጭቆውን ጠርጥሩ፤ ቅቤ ወይም ዘይት የነካው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ይገድላል። በንጹሕ ብርጭቆም ያው ከሆነ ጋዝ አንሷል። በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ ፊኛ የሚያወጣውን አጥብቁ ወይም የጎማ ቀለበቱን ቀይሩ። ከዚያ በርሜሉን በ3 ዲግሪና በ1 ባር ተዉት። ጋዝ ከላይ ወደ ታች የሚገባው በዝግታ ስለሆነ ቀናት ይፈልጋል፤ በርሜሉን ማንከባለል ያፋጥነዋል፣ ከመቅዳት በፊት ግን ሰዓታት ቆሞ ይረጋጋ።

ጌጁ ሙሉ እያለ ጋዙ ድንገት አለቀ

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ የሲሊንደሩ ጌጅ የቀረውን አይናገርም። በሚዛን መዝኑ፤ የባዶው ክብደት አንገቱ ላይ ተቀርጿል። ሲሊንደሩን አቁማችሁ እሰሩ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል አታስቀምጡ፦ የሚያመልጠው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይጠራቀማል፣ ሰው ይገድላል።