ከመፈረማችሁ በፊት፦ በንግድ ሕግ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ላይ ለአካውንቲንግና ለማኔጅመንት ተማሪዎች የንግድ ሕግ መግቢያ አስተምራለሁ። ነጋዴዎችም ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚያሳዝነው አብዛኞቹ የሚመጡት ከፈረሙ በኋላ መሆኑ ነው።

"ያልተጻፈ ውል ዋጋ የለውም" የሚለውን ተማሪዎች ይወዱታል። ነጋዴው ደግሞ "ቃል ካለ ወረቀት ምን ያደርጋል?" ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውል በቃልም እንዲጸና ይፈቅዳል። ጤፍ በቃል ተስማምቶ መሸጥ ውል ነው። የቤት ሽያጭ፣ ዋስትናና ኢንሹራንስ ግን በጽሑፍ መሆን አለባቸው፤ የተዋዋዮቹና የሁለት ምስክሮች ፊርማም ያስፈልጋል። ብድር ከ500 ብር ካለፈ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ውስጥ ሲያምን፣ ወይም እዚያው በሚፈጸም መሐላ ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር ሰፈሩ ሁሉ ቢያይም የሰው ምስክር አይበቃችሁም።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ዋስትና ነው። አንድ የቡሬ እህል ነጋዴ ለሚስታቸው ወንድም ብድር ፈርመው ኖሮ፣ መጥሪያ ሲደርሳቸው መጡ። "መምህር፣ እኔ እኮ ምስክር የሆንኩ መስሎኝ ነው" አሉኝ። ወረቀቱን ዘረጋሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማቸው ሦስት መስመር ከፍ ብሎ፣ "በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ለመሆን ተስማምቻለሁ" ይላል። አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ይህን የፈረመ ሰው፣ አበዳሪው ተበዳሪውን አስቀድሞ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሊከሰው ይችላል። ተራ ዋስ ቢሆኑ ኖሮ "መጀመሪያ የተበዳሪው ንብረት ይታይ" የማለት መብት ነበራቸው። በዚያች መስመር መብታቸው ሄደ። ከከፈሉ በኋላ ተበዳሪውን መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን እጁ ላይ ምን ቀርቶ? ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ዋስ ሁን ሲባል እምቢ ማለት ነውር አይደለም። እሺ ካላችሁም የምትጠየቁበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ መጻፉን እዩ። እሱ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፤ ሕጉ ይህን ያስቀመጠው ዋሱን ለመጠበቅ ነው። ቦታውን ባዶ ትቶ "በኋላ እሞላዋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡት። ዝምድና ይቀየማል ብላችሁ አትፍሩ። ዕዳ ሲመጣ ከዚህ የባሰ ይቀየማል።

ቼክን በመያዣነት መስጠትም የዚሁ ዘመድ ነው። "ቀኑ ሳይደርስ አታቅርበው" ብሎ መስጠት ዋስትና አይሆንም። ቼክ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የተጻፈበት ቀን ገና ቢሆንም እንኳ። በቂ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር፣ ቼክ መጻፍ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ተማሪዎቼ "አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቶ የለ?" ይሉኛል። አዎ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጥቷል። ግን የድሮውን አንደኛ፣ ሁለተኛና አምስተኛ መጽሐፍ ነው የተካው። ቼኩ ያለበት ክፍል አሁንም የ1952ቱ ነው።

ሕገ መንግሥት ላይ ስንደርስ የተማሪዎቼ የፈተና መልስ ሁሉ አሜሪካ አሜሪካ ይላል። የመማሪያ መጽሐፉ ከዚያ ስለመጣ፣ "ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው" ብለው ይጽፋሉ። እኛ አገር በአንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ መርምሮ ያቀርብለታል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የሰበር ችሎትም ከዚህ ጋር አትደባልቁ። ሰበር የሚያየው የመጨረሻ ውሳኔ ላይ የተሠራ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው፤ "ምስክሬ አልታመነልኝም" ብሎ እዚያ መሄድ ልፋት ነው።

ሌላው ሽምግልና ነው። በእኛ በጎጃም ሽማግሌ ከፍርድ ቤት ይቀድማል፤ እኔም እደግፈዋለሁ፤ ስንቱን ቤተሰብ አድኗል። ነገር ግን በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ሽማግሌ ስለተላከ ብቻ ቀኑ መቁጠሩን አያቆምም። ከሞጣም ከቢቸናም "ልንታረቅ ነበር" እያሉ ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጡብኝ አሉ። ይግባኙን አስገቡ፤ ሽምግልናውም ይቀጥል። ከታረቃችሁ እርቁን ጽፋችሁ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡ።

የመጨረሻው "ሕግ ካልከለከለው ችግር የለውም" የሚለው ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ እሰጣለሁ። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ጆንያ የሚገዛው ከወንድሙ ሱቅ ነው፤ ዋጋው ከሌላው እኩል ነው። "እኩል ከሆነ ምን አለበት?" ይላሉ። ዋጋውን ማን አወዳደረ? ጆንያው ቢቀደድ ወንድሙን ደፍሮ ይመልስበታል? ገንዘቡ የገበሬው መዋጮ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዝምድናውን ለቦርዱ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ውሳኔው ላይ አይቀመጥ። ቦርዱ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ ይምረጥ። የወንድሙ ሱቅ ቢያሸንፍ እንኳ ያኔ ማንም ገበሬ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ መጠየቅ ይችላል።