የባለሙያ አማካሪ ቡድን የአየር ትንበያን እንዴት ያሻሽላል? ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ክትትሉ

ትንበያ ሲሳሳት ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው በቴሌቪዥን ባነበበው ሰው ላይ ነው። ስህተቱ ግን ከየት እንደመጣ ከውጭ ሆኖ ማወቅ ይከብዳል። ዝናቡ የተነሳው መለኪያ ጣቢያ በሌለበት አካባቢ ይሆናል። የኮምፒውተሩ ሞዴል፣ ማለትም የአየሩን ቀጣይ ሁኔታ የሚያሰላው ፕሮግራም፣ ደካማ ሊሆን ይችላል። አለዚያም ትንበያው ልክ ሆኖ ሳለ መልእክቱ ለሰው አልገባው ይሆናል። ትንበያውን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ደግሞ የዕለት ሥራው ፋታ አይሰጠውም። ቆም ብሎ ራሱን የሚመረምርበት ጊዜ ብዙም የለውም።

የባለሙያ አማካሪ ቡድን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቡድኑ ትንበያ አይሰጥም፤ መሥሪያ ቤቱንም አያዝም። ሥራው ማየት፣ መጠየቅና መምከር ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ማቋቋም ለምትፈልጉም፣ ያለው ቡድን በአግባቡ እየሠራ መሆኑን ማወቅ ለምትሹም ሂደቱ ይኸው።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

«ትንበያችንን እንዴት እናሻሽል?» ተብሎ የተጠየቀ ቡድን የሚያመጣው መልስም እንደ ጥያቄው የተበተነ ይሆናል። «የድንገተኛ ጎርፍ ማስጠንቀቂያችን ለምን ይዘገያል?» የሚለው ጥያቄ ግን የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል። ጥያቄው በጽሑፍ ይስፈር። መልሱ የሚጠበቅበት ቀንም አብሮ ይቀመጥ።

2. ሰዎቹን ከተለያየ ቦታ ሰብስቡ

የሜትሮሎጂ ባለሙያ የግድ ነው። እሱ ብቻውን ግን አይበቃም። ስለ ወንዝና ጎርፍ የሚያውቅ፣ የዳታና የሱፐር ኮምፒውተር ሰው፣ የአደጋ ጊዜ ሠራተኛ፣ የሰውን ባህሪ የሚያጠና ተመራማሪ ይጨመሩ። የመለኪያ መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ ባለሙያም እውቀቱ ይጠቅማል። ከሽያጩ የሚያገኘውን ጥቅም ግን ገና ሲገባ በግልጽ ያሳውቅ፤ የራሱን ዕቃ የሚነካ ውሳኔ ላይም አይቀመጥ።

አሜሪካ ለዚህ ሕግ አላት። እ.ኤ.አ. በ1972 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የፌዴራል አማካሪ ኮሚቴዎች ሕግ የአባላቱ አመለካከት ሚዛናዊ እንዲሆን ያዛል። ስብሰባው አስቀድሞ ይነገራል፤ በሕግ ከተለዩ ጉዳዮች በስተቀር ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ቃለ ጉባኤም ይያዛል።

3. «ልክ ነበር» የምንለው በምን መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይሄ ነው። ምክንያቱን አንድ የቆየ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

በ1884 ጆን ፊንሊ የተባለ የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሜትሮሎጂስት ቶርኔዶ (በኃይል የሚሽከረከር አውሎ ነፋስ) መምጣት አለመምጣቱን መተንበይ ሞከረ። ከ2,803 ትንበያዎቹ 96.6 በመቶው ልክ ሆኑ። ቁጥሩ ሲታይ ያስደንቃል። ግሮቭ ካርል ጊልበርት የተባለ ሰው ግን ቁጥሩን አገላብጦ አየው። ቶርኔዶ ብርቅ ነገር ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ምንም ሳያጠና በየቀኑ «ቶርኔዶ የለም» ቢል 98.2 በመቶ ልክ ይሆን ነበር!

ዝርዝሩን እንየው። ቶርኔዶ የታየው 51 ጊዜ ነው። ፊንሊ 28ቱን አገኘ፣ 23ቱ አመለጡት። «ይመጣል» ካላቸው 100 ጊዜያት ደግሞ በ72ቱ አልመጣም። ይህ ማለት ሥራው ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። 28 ቶርኔዶ አስቀድሞ መናገር በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። የተበላሸው መለኪያው ነው። ጊልበርት ደግሞ በሙያው የሜትሮሎጂ ሰው ሳይሆን የምድር ጥናት ባለሙያ ነበር። ከሌላ ሙያ የመጣ ዓይን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

ስለዚህ ቡድኑ ገና ሥራ ሲጀምር ሦስት ቁጥሮች ይጠይቅ። ስንቱን አገኘን? ስንቱ አመለጠን? ስንት ጊዜ በከንቱ አስጠነቀቅን? በፐርሰንት ለሚሰጥ ትንበያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። «70 በመቶ ይዘንባል» ያልንባቸው ቀናት አንድ ላይ ሲደመሩ፣ ከአሥሩ በሰባቱ ገደማ ዘንቧል ወይ? በሁሉም ዘንቦ ከሆነ ትንበያው ፈርቷል። በሦስቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ አብዝቷል።

4. ከመለኪያው ጣቢያ እስከ ሰው ጆሮ ያለውን ሁሉ እዩ

ብዙ ጊዜ ገንዘቡም ጉጉቱም ወደ ኮምፒውተሩ ያደላል። ሞዴል ግን የሚነሳው አሁን ከምናውቀው የአየር ሁኔታ ነው። መነሻው ከተሳሳተ ፈጣን ማሽን የሚያደርገው ስህተቱን ቶሎ ማድረስ ነው። የአሜሪካው የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖአ፣ የሳይንስ አማካሪ ቦርድ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ላይ ይህን አጥብቆ ተናግሯል። ምልከታው፣ ዳታውን ወደ ሞዴል የማስገባቱ ሥራ፣ ኮምፒውተሩና ለሕዝብ የማድረሱ ሥራ ሁሉም አብረው ካላደጉ አይሆንም።

መጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው ሰው ነው። ግንቦት 2011 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የጆፕሊን ከተማን ቶርኔዶ ሲመታት ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ሳይረንም ጮኋል። በኋላ ጉዳዩን ያጠኑ ባለሙያዎች እንዳገኙት ግን ብዙው ነዋሪ በመጀመሪያው ድምፅ ወደ መጠለያ አልሮጠም። ሳይረን መስማት ለምዶ ነበር። ሌላ ማረጋገጫ ፈለገ፤ ቴሌቪዥን ከፈተ፣ ሰማዩን አየ። በቀጣዩ ዓመት በካንሳስና በሚዙሪ አደጋው ምን ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ የሚናገር የማስጠንቀቂያ አጻጻፍ መሞከር ተጀመረ። ሞዴሉን ብቻ የሚያይ ቡድን ይህን ችግር በጭራሽ አያገኘውም።

5. ምክሩን ሊሠራ በሚችል መልኩ ጻፉ

«ትብብር ይጠናከር» ማለት ምክር አይደለም። ማን ይሥራው? እስከ መቼ? ምን ያህል ያስወጣል? ምን ይቅር? በተለይ የመጨረሻውን ጥያቄ ከውስጥ ሆኖ ማንሳት ይከብዳል። እያንዳንዱ ሞዴል የደከመበት ሰው አለውና። በ2015 የአሜሪካን ብሔራዊ ሞዴሎች የገመገሙ የውጭ ባለሙያዎች ያሉት ይህንኑ ነው፦ ሞዴሎቻችሁ በዝተዋል፣ ተወሳስበዋል፣ ቀንሱና አዋህዱ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ አንድ የጋራ ሥርዓት ጉዞ ጀመረ።

6. የጽሑፍ መልስ ጠይቁ፣ ከዚያም ተከታተሉ

መሥሪያ ቤቱ ምክሩን ሁሉ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ግን ለእያንዳንዱ «ተቀብያለሁ» ወይም «አልተቀበልኩም፣ ምክንያቱም» ማለት አለበት። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2017 ባወጣው የአየር ትንበያ ሕግ በኖአ ሥር ያለ አንድ የባለሙያ ቡድን በየዓመቱ ሪፖርት እንዲያቀርብ ደንግጓል። ሪፖርቱ የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ምክሮቹን ምን ያህል እንደተገበረ የሚያሳይ ነው፤ ለኮንግረስም ይደርሳል። መደርደሪያ ላይ የሚቀር ሰነድ እንዳይሆን እንዲህ ያለ አስገዳጅ ነገር ያስፈልጋል።

ስትከታተሉ በሦስተኛው ደረጃ የያዛችኋቸውን ቁጥሮች እንደገና አውጡ። መለኪያውን መሀል ላይ አትቀይሩ። የአንድ ዓመት ውጤት ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ። ዓመቱ ማዕበል ያልበዛበት ከሆነ ያመለጡት ማስጠንቀቂያዎች ምንም ሳይሻሻል ያንሳሉ። ለማወዳደር የተሻለው መንገድ አሮጌውንና አዲሱን አሠራር በተመሳሳይ ቀናት ጎን ለጎን አስኬዶ ማየት ነው።

ቡድኑ ክፍት ስብሰባ የሚያደርግ ከሆነ ደግሞ ገብታችሁ ጠይቁ። ባለፈው የተመከረው የት ደረሰ?