ቦይለርዎን በሙቀት መከላከያ ሲሸፍኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ በየመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኤሌክትሪክ ቦይለር አብዛኛውን ጊዜ 30፣ 50 ወይም 80 ሊትር ይይዛል። በውስጠኛው ገንዳና በውጭው ቆርቆሮ መካከል ከፋብሪካ የተሞላ ጠንካራ ፎም አለው። የዚህ ፎም ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ሽፋን ይጠቅማል፤ የት መሸፈን እንዳለበትና የት መነካት እንደሌለበት ከታወቀ።

ሳይለኩ መጀመር

ማታ ቦይለሩ ሞቆ አምፖሉ ሲጠፋ ብሬከሩን ያጥፉ። ጥቂት ሙቅ ውሃ ቀድተው በቴርሞሜትር ይለኩና እስከ ጠዋት ማንም ሙቅ ውሃ እንዳይከፍት ያድርጉ። ጠዋት ላይ ቱቦው ውስጥ ያደረውን ቀዝቃዛ ውሃ መጀመሪያ አፍስሰው እንደገና ይለኩ። ደህና ሽፋን ያለው የ50 ሊትር ቦይለር በ24 ሰዓት 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያጣል። በ10 ሰዓታት ውስጥ የውሃው ሙቀት በ7 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። ማታ 60 ዲግሪ የነበረው ጠዋት 53 አካባቢ ከሆነ ገንዳው ደህና ነው፤ ጊዜዎንና ገንዘብዎን በቱቦዎቹ ላይ ያውሉት። ወደ 45 ከወረደ ግን ከሽፋኑ በፊት የሚንጠባጠብ የሙቅ ውሃ ቧንቧ እንዳለ ይፈልጉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚንጠባጠብ ቧንቧ እያለ የቱንም ያህል ወፍራም ሽፋን ቢጨምሩ ልዩነት አያዩም።

ገንዳውን ሸፍኖ ቱቦውን መርሳት

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ስህተት ይህ ነው። ገንዳው ቢያንስ የፋብሪካ ፎም አለው፤ ከእሱ የሚወጣው ጋልቫናይዝድ ቱቦ ግን ራቁቱን ነው። ቧንቧው ባይከፈትም ሙቀቱ በብረቱ በኩል ይወጣል። ቱቦው ከላይ ወይም ከጎን የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ውሃው ራሱ ወደ ቱቦው ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ፣ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ከሙቅ ውሃ መውጫው ጀምሮ 2 ሜትር፣ ከቀዝቃዛ መግቢያው ጀምሮ ደግሞ 1 ሜትር ያህል ይሸፍኑ።

ጥቁሩ የቱቦ ፎም ሲገዛ ልኩ ይሳሳታል። የፎሙ የውስጥ ስፋት ከቱቦው የውጭ ስፋት ጋር ነው መግጠም ያለበት። «ግማሽ ኢንች» የሚባለው ጋልቫናይዝድ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ 22 የሚል ፎም ይፈልጋል። ባለ 20 ፒ.ፒ.አር. (የፕላስቲክ) ቱቦ ግን 20 የተባለው በውጭ ስፋቱ ነው። ሰፊ ፎም ከገጠሙ በመሃል አየር ይዘዋወራል፤ ጥቅሙም ይቀንሳል። የፎሙ ግድግዳ ከ13 ሚሊ ሜትር አይነስ፤ 19 ከተገኘ የተሻለ ነው። ቱቦው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ሁለቱን ጫፎች በ45 ዲግሪ ቆርጠው ያጋጥሙ፤ ጎብጦ የተጨማደደ ፎም ቆይቶ ይከፈታል።

ሴፍቲ ቫልቩን መጠቅለል

ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ውሃ በሚሞቅበት ሰዓት ጠብ ጠብ ስትል ተበላሸች ብለው በፕላስተር የሚያሽጓት ሰዎች አሉ። ይህ አደገኛ ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ይዘቱ በ1 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቫልቩ ውሃውን ወደ ኋላ ስለማይመልስ ትርፉ በዚያች ቀዳዳ መውጣት አለበት። መውጫው ከታፈነ ግፊቱ ገንዳው ላይ ያርፋል። ቫልቩን ከነእጀታው ክፍት ይተዉት። ከአፉ ላይ ቀጭን ጎማ አስረው ወደ ታች እያዘነበሉ ወደ ፍሳሹ ይምሩት፤ የጎማው ጫፍም ክፍት ይሁን።

የኤሌክትሪክ ክዳኑን መሸፈን

ቁመው በሚሰቀሉ ቦይለሮች ውሃውን የሚያሞቀው ኤለመንት፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታትና ሽቦው የሚገናኙት ከታች ባለው ክዳን ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ምንም አይደረብ፤ ገመዱም በሽፋኑ ስር አይለፍ። የታፈነ ገመድ ሙቀቱን ማውጣት አይችልም፣ ላስቲኩም ይደርቃል። ገንዳውን ከዝገት የሚጠብቀው ማግኒዚየም ዘንግ የሚፈተሸውም በብዙዎቹ በዚሁ በኩል ስለሆነ መክፈቻው ነጻ መሆን አለበት። ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ብሬከሩን ያጥፉ።

ያገኙትን ሁሉ መጠቅለል

የፍራሽ ስፖንጅ እሳት በቀላሉ ይይዛል፣ ውሃም ይመጥጣል። አሮጌ ብርድ ልብስም እርጥበት ይዞ ቆርቆሮውን ያዝገዋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር ከ20 ጊዜ በላይ ስለሚያስተላልፍ የራሰ ሽፋን ከንቱ ነው። ብቻውን የተጠቀለለ ፎይልም ቆርቆሮው ላይ ከተለጠፈ ሙቀት አያግድም። ጥሩ የሚሠራው አንድ ገጹ ፎይል የሆነ 5 ሴንቲ ሜትር ግላስ ዉል (ከመስታወት ክር የተሠራ ጥጥ መሰል ሽፋን) ነው፤ ፎይሉ ወደ ውጭ ይዞር። ሲሠሩ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርጉ።

ቆረጣው ላይ የውፍረቱ ነገር ይረሳል። ዙሪያው ክፍት የሆነ፣ ወርዱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ዙሪያው 126 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ሲለብስ ግን የውጭው ዙሪያ 157 ይደርሳል። በ126 ቆርጠው በኃይል ካጠበቁት ግላስ ዉሉ ይጨመቃል፤ የሚሠራው ደግሞ በውስጡ በያዘው አየር ነው። ግድግዳ ላይ ለተሰቀለው ከጀርባ ለመጠቅጠቅ አይሞክሩ፣ ለዚህ ብሎም አያውርዱት፤ ውሃ የሞላ የ50 ሊትር ቦይለር 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ጎንና የላዩን ክዳን መሸፈን ይበቃል። ማያያዣው የአሉሚኒየም ፕላስተር ይሁን፤ ተራ ስኮች በሙቀት ይላቀቃል።

ቴርሞስታቱን አብዝቶ ማውረድ

ሽፋን አለ ብሎ 40 ላይ ማስቀመጥ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ የሚመቸውን ሙቀት መፍጠር ነው። 60 ላይ ይተዉት።

ጣሪያ ላይ ያለውን ሶላር መዘንጋት

የከፍታው ፀሐይ የሶላር ውሃ ማሞቂያውን ቱቦ የሸፈነውን ጥቁር ፎም ያሰነጣጥቀዋል፤ ከዚያ የክረምቱ ዝናብ ይገባበታል። በአሉሚኒየም ቴፕ ወይም በቆርቆሮ ይልበስ፣ ቱቦውን ለማስገባት የተሰነጠቀው የፎሙ ጎንም ወደ ታች ይዙር።

በጋዝ የሚሠራውን እንደ ኤሌክትሪኩ መሸፈን

በአሜሪካ ብዙ ቤት ያለው የጋዝ ገንዳ ሌላ ሕግ አለው። አናቱ፣ የጭስ መውጫው ዙሪያ፣ ከታች ያለው የአየር መግቢያና የማቀጣጠያው በር ፈጽሞ አይሸፈኑም። አየር ያጣ እሳት ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመርታል፤ ይህ ጋዝ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። ገንዳው ላይ ተጨማሪ ሽፋን የሚከለክል ጽሑፍ ከተለጠፈ ገንዳውን ትተው ቱቦውን ብቻ ይሸፍኑ፤ እሱንም ከጭስ መውጫው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር አርቀው።