ከጨጓራ ቅነሳ በኋላ ያለው ክፉ ወር እንዴት ይታለፋል?

እኔ ያደረግኩት ስሊቭ የሚባለውን ኦፕራሲዮን ነው፣ እዚሁ ሜሪላንድ። ከጨጓራ 80 በመቶ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ሙዝ የሚያህል ቱቦ ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለሚቀንሰው ኪሎ ነው። እኔ ስለ መጀመሪያው ወር ላውራ፣ በተለይ እንደኔ ለከበደባችሁ።

ምግቡን ለጊዜው እርሱት። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ መጠጣት ነው። ሐኪሞች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ሲያወሩት ቀላል ነው፤ አንዴ ስትጎነጩ ግን ደረታችሁ ላይ ቁጭ ይላል። እኔን የገላገለኝ የቡና ሲኒ ነው። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ያስፈራል፣ ሲኒ አያስፈራም። የስልካችሁን አላርም በየ20 ደቂቃው ሙሉና አንዷን ሲኒ ፉት እያላችሁ ጨርሱ። በሰዓት ሦስት ከሆነላችሁ እስከ ማታ ትደርሳላችሁ። ቀዝቃዛው አልወርድ ካለ ለብ ያለ የጠጅ ሳር ሻይ ሞክሩ፣ ያለ ስኳር። ሆዱ ሲነፋ አምቦ ውሃ የለመደ ሰው ግን እጁን ይሰብስብ። ጋዝ ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ነው።

ትከሻችሁን ሊያማችሁ ይችላል። በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ሆድ ውስጥ የሚነፋው ጋዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትሉ ይሻላል። በየቀኑ እየቀለለ ካልሄደ ግን ደውሉ።

የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ልብ በደቂቃ ከ120 በላይ ሲመታ፣ ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ። እነዚህ ከመጡ «ይነጋ» አትበሉ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ማስታወክም አለ። ቀኑን ሙሉ ምንም ካልረጋላችሁ፣ ሽንታችሁ ከጠቆረ፣ ስትነሡ ካዞራችሁ፣ ግሉኮስ (በደም ሥር የሚገባው ፈሳሽ) መሰቀል ሳያስፈልጋችሁ አይቀርም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ለቀናት ያስታወከ ሰው ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን የሚሉት) ሊያልቅበት ይችላል። ቢ1 ሳይሰጠው ስኳር ያለበት ግሉኮስ ቢገባለት አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ገና ስትገቡ ጨጓራችሁ የተቀነሰ መሆኑንና ስንት ቀን እንዳስታወካችሁ ተናገሩ። «ታያሚን አያስፈልገኝም ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ። አትፈሩ።

ምግቡ በደረጃ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያህል ፈሳሽ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ከዚያ ለስላሳ። ሆስፒታላችሁ የሰጣችሁን ወረቀት ተከተሉ። የተፈጨው ላይ ስትደርሱ የኛ ቤት ምግብ ይመቻል፦ ቀጭን ነጭ ሽሮ፣ የተፈጨ ክክ አልጫ፣ እርጎ። እማዬ ጠዋት ማታ አጥሚት ነበር የምትለው። አጥሚት ያጽናናል፣ ግን አብዛኛው እህል ነው። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በወተት ይሠራና የፕሮቲን ዱቄት ይጨመርበት። እንጀራ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ ሆድ ውስጥ ያብጣል፣ ይቀረቀራል። እየበላችሁ ደግሞ አትጠጡ። ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ጠያቂው አንዳንዴ ከሕመሙ ይብሳል። «ኧረ ብዪ፣ አመድ መሰልሽ እኮ!» ይባልና ጉርሻው ከንፈር ላይ ይደርሳል። «ጠግቤያለሁ» ብትሉ ማን ያምናል? እኛን ታውቁናላችሁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» በሉ፣ ወዲያው እጅ ይሰበሰባል። የጾሙንም ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያለ ዕንቁላልና ያለ እርጎ 60 ግራም መሙላት ለዚች ጨጓራ ዳገት ነው። እኔ የንስሐ አባቴን ያናገርኳቸው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው። ገና ሳልጨርስ «ልጄ፣ የታመመ ሰው አይጾምም» አሉኝ።

በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉር መርገፍ ሊጀምር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ይበቅላል። ቫይታሚን መውሰዱ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ራስ ምታት ሲይዛችሁም አይቡፕሮፌን ሐኪም ሳትጠይቁ አትዋጡ፤ ጨጓራ ያቆስላል።

ማልቀስም አለ። እኔ የጎረቤት ቁሌት ሸቶኝ አልቅሻለሁ። «ምን ነክቶኝ ነው?» ያላሉ ሰዎች አላጋጠሙኝም። ሳምንታት አልፈው ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ለቀጠሮ ስትሄዱ ከሚዛኑ በፊት እሱን ንገሯቸው።